ሐረጎን የሚወጣ ሳይክል፦ የፔዳል ሞተር አገጣጠምና ማስተካከያ

ሰው ስለ ኤሌክትሪክ ሳይክል መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ዋት ነው?" ብሎ ነው፣ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግን ከዋቱ በፊት መጠየቅ ያለበት የማርሹ ነገር ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ መንገዱ፣ የሐረጎን ዳገት ይዞ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከ1,850 ሜትር አካባቢ ተነስታችሁ ወደ 2,500 ሜትር ነው የምትወጡት። ጎማው መሀል የሚገባው ሞተር የሳይክሉን ማርሽ አይጠቀምም፣ ሐረጎ ላይ ቀስ ብሎ ሲዞር የባትሪውን ኃይል ወደ ሙቀት ይቀይረዋል። ፔዳሉ ጋር የሚገጠመው ግን ኃይሉን በካቴናው ስለሚያስተላልፍ እናንተ የምትቀይሩት ማርሽ ለሱም ይሰራለታል፣ ለኛ አገር ዳገት እሱ ነው የሚሆነው። እኔ እዚህ የማወራው ባፋንግ የሚባለው ኩባንያ ስለሚሰራው የፔዳል ሞተር፣ ስለ ቢቢኤስ 02፣ ባለ 48 ቮልት 750 ዋቱ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት የፔዳሉ ዘንግ የሚያልፍበትን የፍሬሙን ቱቦ ወርድ በካሊፐር ለኩ፣ 68 ወይም 73 ሚሊ ሜትር ከሆነ አብሽሩ ይገባል። ክራንኩ፣ ማለትም ፔዳሎቹ የሚታሰሩበት ክንድ፣ ከግራ እስከ ቀኝ አንድ ወጥ ብረት የሆነ ሳይክል ግን ቱቦው ሰፊ ስለሆነ ያለ አዳፕተር አይሆንም።

መፍታቱ ላይ ክራንኩን በመዶሻ አትደብድቡት፣ ክራንክ ማውጫ ፈልጉ ካጣችሁ ቶርኖ ቤት አሰሩ። የግራው ፔዳል ጥርሱ ተቃራኒ ነው። ከዛ የውስጡን ኩሽኔታ ስታወጡ ደግሞ በአብዛኛው ሳይክል ተቃራኒ የሚሆነው የቀኙ፣ የካቴናው በኩል ያለው ነው፣ ወደ ቀኝ ስታዞሩት ነው የሚፈታው። ይሄን ሳያውቅ በግድ አጥብቆ ፍሬሙን የሚያበላሽ ብዙ ነው።

ቱቦውን ጠርጋችሁ ትንሽ ግራሶ ቀቡና ሞተሩን ከቀኝ አስገቡ፣ ከታች ወደ ላይ አዙራችሁ የፍሬሙ የፊት ቋሚ ላይ አስደግፉት። ሞተሩ ሲጎትት ራሱ ወደ ላይ መዞር ስለሚፈልግ መጀመሪያውኑ ካልተደገፈ እያንኳኳ ዳዶውን ያላላዋል። በግራ በኩል ባለ ጥርሱን ላሜራ አድርጋችሁ ዳዶውን በደንብ አጥብቁ፣ ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላም ድጋሚ አጥብቁት፣ ይሄ ዳዶ መላላት ይወዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሞተሩ ብዙ ጊዜ ባለ 46 ጥርስ የፊት ማርሽ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ለሜዳ ጥሩ ነው ለሐረጎ ግን ከባድ ነው። ወደ ውስጥ የጎደጎደውን ባለ 42 ጥርስ አድርጉበት፣ ከኋላ ደግሞ ትልቁ 34 ጥርስ የሆነ ካሴት (የኋላ ማርሾቹ ስብስብ)። ባለ 26 ኢንች ጎማ ላይ ፔዳሉን በደቂቃ 80 ጊዜ እያዞራችሁ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳላችሁ፣ ዝግ ያለ ይመስላል ግን ሞተሩ የሚወደው እንደዛ ቶሎ ቶሎ መዞር ነው። በከባድ ማርሽ እያቃሰተ ከወጣ ውስጡ ያለው የናይለን ጥርስ ይግላል፣ ከዛ ያልቃል። ከ42 በታች ያለ ማርሽ ደግሞ የሞተሩን ቤት መሻገር ስለማይችል ካቴናውን ወደ ውጪ ይገፋዋል፣ ትልቁ የኋላ ማርሽ ላይ ስትሆኑ ካቴናው ተጣሞ ይሄዳል።

ሽቦው ቀላል ነው ሶኬቶቹ በቀለም ይገናኛሉ። የፍጥነት ሴንሰሩን ከኋላ ጎማ ግራ በኩል ፍሬሙ ላይ፣ ማግኔቱን ራጂ ላይ አድርጋችሁ በጥቂት ሚሊ ሜትር አቀራርቧቸው። ሞተሩን የሚያጠፋውን የፍሬን እጀታ በፍጹም እንዳትተዉት። ባትሪው መጨረሻ ላይ ነው የሚሰካው፣ ያውም ቀዩና ጥቁሩ በቦታው መሆኑን በመልቲሜትር ካያችሁ በኋላ፣ የ48 ቮልት ሊትየም ሲሞላ 54.6 ነው የሚያሳየው።

ባትሪ ስትመርጡ እንዲህ አስቡት፣ ሳይክሉና ሰውየው 110 ኪሎ ቢሆኑ ከፍታውን ለመውጣት ብቻ 200 ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፣ በሞተሩና በጎማው የሚባክነው ሲጨመር ወደ 350 ይጠጋል፣ እናንተ በረገጣችሁ ቁጥር ይቀንሳል። 13 አምፕ ሰዓት ያለው ባትሪ 624 ዋት ሰዓት ስለሆነ አንዴ በምቾት ያወጣችኋል፣ በቀን ሁለቴ ለሚወጣ ሰው ግን መሀል ላይ ቻርጅ ግድ ነው።

ለሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር እስከ 25 አምፔር ይለቃል። በፕሮግራሚንግ ኬብል ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ወደ 18 ብታወርዱት ዳገቱን አሁንም ይወጣል ግን ካቴናውም የናይለን ጥርሱም ይተርፋሉ። አነሳሱንም ለስለስ አድርጉት፣ በድንገት ሲጎትት ነው ካቴና የሚበጠሰው። ማርሽ ስትቀይሩ ደግሞ ፍሬን እጀታውን ነካ አድርጋችሁ ሞተሩን አጥፉት ወይ የማርሽ ሴንሰር ግጠሙ።

ለመውረዱም በደንብ ተዘጋጁ እንጂ። ይሄ ሞተር ሲወርድ አይዝም፣ ሳይክሉ ደግሞ በ7 ወይም 8 ኪሎ ከብዷል፣ መንገዱም ከባድ መኪና የሚበዛበት ነው። ቸርኬ ላይ የሚይዘውን የላስቲክ ፍሬን ትታችሁ የዲስክ አድርጉ፣ ሸራውንም ከመውረዳችሁ በፊት እዩት፣ ካለቀ አትውረዱ። ክረምት ላይ ጭቃውን በጨርቅና በባልዲ ውሃ እጠቡት፣ ላቫጆ ወስዳችሁ በግፊት ውሃ ካስመታችሁት ውሃው በዘንጉ በኩል ኮንትሮለሩ ጋር ይገባል።