አለርጂ የማይቀሰቅስ ምንጣፍን ቤት ውስጥ እንዴት እናጽዳ? እንዴትስ እንያዘው?

ሻጩ «ይሄ ምንጣፍ አለርጂ የለውም» ሲላችሁ የሚያወራው ስለ ክሩ ነው። ናይለን፣ ፖሊስተር ወይም ፖሊፕሮፒሊን ከሆነ ክሩ ራሱ ለሻጋታ ምግብ አይሆንም፤ ውሃም ብዙ አይመጥም። ይሄ እውነት ነው። ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስነጥሰንና የሚያስለን ክሩ ሳይሆን በክሩ መሃል የሚጠራቀመው ነገር ነው። አቧራ፣ ከድመትና ከውሻ የሚረግፍ ቅርፊት፣ የአበባ ብናኝ፣ የበረሮ ርጋፊ አለ። ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ ዳስት ማይት የሚባሉት በዓይን የማይታዩ ተባዮች ናቸው። ስለዚህ ጥሩ ምንጣፍ መግዛት የሥራው ጅማሬ እንጂ መጨረሻው አይደለም።

እነዚህ ተባዮች ቁመታቸው የአንድ ሚሊሜትር ሩብ ያህል ነው። የሚበሉት ከሰው ቆዳ የሚረግፈውን ቅርፊት ነው። ውሃ አይጠጡም፤ እርጥበት የሚያገኙት ከአየር ነው። የቤቱ አየር እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ሆኖ ሲቆይ ደርቀው ያልቃሉ። አለርጂውን በዋናነት የሚቀሰቅሰው ኩሳቸው ስለሆነ መግደሉ ብቻ አይበቃም። ከምንጣፉ ውስጥ መውጣት አለበት። ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ ወደ ሁለት ነገር ይመጣል፦ ቆሻሻውን ማውጣት፣ ምንጣፉን ደረቅ አድርጎ ማቆየት።

በመጀመሪያ ምንጣፋችሁን እወቁ

ገልብጡና ጀርባውን እዩ። የጆንያ ዓይነት ቡናማ ክር ከሆነ ብዙ ውሃ አይወድም፤ ይሻግታል፣ ቡናማ ቀለሙንም ወደ ላይ ይተፋል። ነጭ የፕላስቲክ መረብ የመሰለ ከሆነ ውሃ ይችላል።

የፊቱን ክር ለመለየት ደግሞ ከጠርዙ አንድ ክር ቁረጡ። በመቆንጠጫ ይዛችሁ፣ ከሥር ውሃ ያለበት ሳህን አድርጋችሁ ለኩሱት። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተና በጣት ሲታሽ ዱቄት ከሆነ ሱፍ ነው። ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ከሆነ ሰው ሠራሽ ነው። ይቺን ሙከራ አትዝለሏት፤ የሳሙናውም የውሃውም ምርጫ የሚወሰነው በእሷ ነው።

የየሳምንቱ ሥራ

ቫኪዩም ካላችሁ በሳምንት ሁለት ሦስቴ አስኪዱት። ሄፓ ማጣሪያ ያለው ቢሆን ይመረጣል። ይሄ ማጣሪያ 0.3 ማይክሮን የሚያህሉ ብናኞችን 99.97 በመቶ ይይዛል። ተራ ማጣሪያ ግን ደቃቁን አቧራ ከፊት ስቦ ከኋላ ወደ ክፍሉ ይመልሰዋል። አለርጂ ላለበት ቤት ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው።

አትቸኩሉ። ብዙ ሰው ቫኪዩሙን እንደ መጥረጊያ ቶሎ ቶሎ ያመላልሰዋል። እንደዚያ ሲሆን የሚነሳው ከላይ የሚታየው ብቻ ነው። ቀስ ብላችሁ ግፉ፣ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ ከዚያ አቅጣጫ ቀይራችሁ በዚያው ቦታ ላይ ድገሙ። ሶፋ ሥርና አልጋ ሥር አትርሱ። ምንጣፉ የሚነሳ ከሆነ በወር አንዴ ገልብጣችሁ ጀርባውንም አጽዱ፤ ከሥሩ ምን ያህል አሸዋ እንደሚራገፍ ታያላችሁ።

አለርጂ ያለበት ሰው በዚህ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ባይሆን ጥሩ ነው። መስኮት ከፍታችሁ ሥሩ፣ ከጨረሳችሁም በኋላ የተነሳው ብናኝ እስኪያርፍ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ። የቫኪዩሙን ቆሻሻ የምትደፉት ውጪ ነው፣ ማስክ አድርጋችሁ።

ቫኪዩም የሌለው ሰውስ? ምንጣፉን አውጡና ገመድ ወይም አጥር ላይ ሰቅላችሁ ከጀርባው በኩል ደብድቡት። በደረቅ መጥረጊያ ቤት ውስጥ መጥረግ ግን አቧራውን ወደ አፍንጫ ከማንሳት በቀር ብዙ አይጠቅምም። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ እባካችሁ ኮሪደር ላይ ወይም በረንዳ ላይ አታራግፉ፤ የእናንተ አቧራ ለታችኛው ቤት ልጅ አስም ነው። ወደ ግቢው ውረዱ።

ጫማ በር ላይ ማውለቅ ደግሞ ወጪ የለውም፤ ከግማሽ በላይ ድካም ያስቀራል ብዬ አምናለሁ።

በውሃ ማጠብ፦ መቼና እንዴት

እዚህ ላይ ከልማዳችን ጋር ትንሽ እጋጫለሁ። አብዛኞቻችን ምንጣፍ የምናጥበው ለእንቁጣጣሽ ነው። ነሐሴ መጨረሻና ጳጉሜን ላይ ግን አየሩ ገና እርጥብ ነው። ወፍራም ምንጣፍ ታጥቦ ሦስትና አራት ቀን ሳይደርቅ ይቆያል። እርጥብ ነገር ደግሞ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ይጀምረዋል። እንዲህ ከሆነ አለርጂን ለማስወገድ ብለን አለርጂ እናበቅላለን። ለበዓሉ በደንብ በቫኪዩም አጽዱት፣ ዋናውን እጥበት ወደ ጥቅምት አሸጋግሩት። የጥቅምት ፀሐይና ነፋስ ምንጣፍ ለማድረቅ የሚተካከለው የለም። ለፋሲካ የሚታጠበውም፣ የበልግ ዝናብ በሌለበት ሳምንት ከሆነ፣ ጥሩ ነው።

1. ከማርጠባችሁ በፊት ሁለቱንም ፊት በደረቁ አጽዱ። አቧራ ውሃ ሲነካው ጭቃ ይሆንና ክሩ ሥር ይቀራል።

2. የማይታይ ጥግ ላይ በሳሙና ውሃ በነካ ነጭ ጨርቅ አሹ። ቀለም ከለቀቀ አቁሙ፤ ለባለሙያ ስጡት።

3. በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ሽታ የሌለው ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩና አረፋ አድርጉት። ብዙ ሳሙና ብዙ አያጸዳም። ለሱፍ ቀዝቃዛ ውሃና ለሱፍ የተሠራ ሳሙና ብቻ ተጠቀሙ። በረኪና ሱፍን ይበላዋል። ኢንዛይም ያለበት የልብስ ዱቄት ሳሙናም ሱፍ ላይ አይሆንም።

4. በለስላሳ ብሩሽ ክሩ በተኛበት አቅጣጫ አሹ። መሬት እንደሚፈተገው አትፈትጉ።

5. አረፋው ጨርሶ እስኪጠፋ አለቅልቁ። የቀረ ሳሙና ይጣበቃል፣ በሳምንቱም አዲስ አቧራ ይስባል። በመጨረሻው ውሃ ላይ ለአምስት ሊትር ግማሽ ስኒ ነጭ አቼቶ ብትጨምሩ የሳሙናውን ቅሪት ያነሳል፤ ሽታው ሲደርቅ ይጠፋል።

6. ውሃውን በላስቲክ መጥረጊያ ግፉና አውጡ፣ ከዚያ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ። ግማሽ ቀን በአንድ ፊት፣ ግማሽ ቀን በሌላው። ወደ ቤት ከማስገባታችሁ በፊት ጀርባውን በእጅ መዳፍ ዳስሱ። መዳፋችሁን ከቀዘቀዘው ገና አልደረቀም።

ወለሉ ላይ የተለጠፈ ምንጣፍ በዚህ መንገድ አይታጠብም። እዚያ ላይ አረፋውን ብቻ በጨርቅ እያነሳችሁ፣ አንድ አንድ ካሬ እየጨረሳችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ ሥሩ።

ላቫጆ የምትወስዱም ብዙ ናችሁ። ክፋት የለውም። ሽታ ያለው ዱቄት እንዳይጠቀሙ፣ የሚወጣው ውሃ ንጹሕ እስኪሆን እንዲያለቀልቁ ንገሯቸው። ከእርጥበቱ ጋር ጠቅልለው ቢሰጧችሁ አትቀበሉ። የአልጋ ዳር ትንንሽ ምንጣፎች ደግሞ ምልክታቸው ከፈቀደ በማሽን በ60 ዲግሪ ይታጠቡ፤ በዚህ ሙቀት ተባዮቹ ይሞታሉ። የእንፋሎት ማሽንም ይገድላቸዋል፤ ሲደርቅ ግን ቅሪታቸውን ለማውጣት እንደገና ቫኪዩም ያስፈልጋል።

ሲፈስና ሲነካ

ቡና ሲፈስ ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ተጫኑት፣ አትፈትጉት። ከዳር ወደ መሃል ነው የሚሠራው፤ ከመሃል ወደ ዳር ከሄዳችሁ እድፉ ይሰፋል። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ቀጥሎ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙናና አቼቶ። ደረቅ የእጅ ሳሙና የቡናን እድፍ ያጸናዋል። ማኪያቶ ከሆነ ወተት ስላለበት ሙቅ ውሃ አታስነኩት።

ወጥ ከሆነ መጀመሪያ በማንኪያ ገፍፉ፣ ዘይቱን በሶፍት ምጠጡ፣ ከዚያ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና። የበርበሬው ቅላት በአንዴ ላይለቅ ይችላል፤ ሲደርቅ ድገሙት። የጧፍና የሻማ ጠብታ በበረዶ አደንድናችሁ ሰብራችሁ ማንሳት ነው። ሰው ሠራሽ ክር ላይ ካውያ አታሳርፉ፣ ይቀልጣል።

ቡና ሲፈላ

ጉዝጓዝ በቀጥታ ምንጣፍ ላይ አትጎዝጉዙ። እርጥብ ቀጤማ እርጥበትም ብናኝም ይዞ ይገባል። ከሥሩ ላስቲክ ዘርጉ፣ ሲያልቅ አብሮ ይነሳ። የከሰሉን ምድጃ ምንጣፍ የሌለበት ቦታ አድርጉት፤ አንድ ፍም ሰው ሠራሹን ክር አቅልጦ ይበሳዋል። አስም ያለበት ቤት ከሆነ እጣኑንም በረንዳ ላይ ብታጨሱት እመርጣለሁ። ጭሱ ራሱ ሳንባን ያስቆጣል፣ ሽታውም ክሩ ውስጥ ይቀመጣል።

ክረምትና ማስቀመጥ

ምድር ቤት የምትኖሩ ሰዎች ሲሚንቶው እርጥበት ከሥር ያመጣል። ከሰኔ ጀምሮ በየሳምንቱ የምንጣፉን ጥግ አንስታችሁ እዩ፣ አሽትቱም። የእርጥብ አፈር ሽታ ካለ በዝናቡ ወራት ምንጣፉን ማንሳት ነው የሚሻለው። ስታስቀምጡት አታጥፉት፤ ጠቅልሉት። በላስቲክ ሳይሆን አየር በሚያስገባ አቡጀዲ ሸፍናችሁ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አቁሙት።

ጀርባው ላይ ሻጋታ ጥቁር ነጥብ ከጣለና ታጥቦም ሽታው ከተመለሰ፣ ምንጣፉ ምንም ያህል ውድ ቢሆን ይውጣ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ልጃችሁ ሌሊት ሌሊት አሁንም የሚያስለው ከሆነ ደግሞ የመኝታ ቤቱን ምንጣፍ ለተወሰኑ ሳምንታት አንስታችሁ ለውጡን ተከታተሉ፤ ያያችሁትንም ለሐኪሙ ንገሩ።