የግራናይት ናሙና ለብርቅ ብረቶች ምርመራ እንዴት ይዘጋጃል?

ጎንደርና ዙሪያዋ የተቀመጡት ባዛልት ላይ ነው፤ የፋሲል ግቢ ግንቦችም በአብዛኛው የተሠሩት በዚሁ ድንጋይ ነው። በግንባታ ዕቃ መደብር «ጥቁር ግራናይት» የሚባለውም ብዙ ጊዜ ጋብሮ (እንደ ባዛልት ያለ ጥቁር ድንጋይ) ወይም ባዛልት እንጂ ግራናይት አይደለም። ስለዚህ እዚህ የሚዘጋጅ የግራናይት ናሙና ከሩቅ የመጣ ነው፤ ለምሳሌ ታንታለምና ሊቲየም የተባሉ ብርቅ ብረቶች ካሉበት ከጉጂው ቀንጢቻ። ከሩቅ የመጣ ናሙና ደግሞ ዝግጅት ላይ ከተበላሸ ለመተካት ያስቸግራል።

በመጀመሪያ ያልበሰበሰ ድንጋይ ይመረጣል። ፌልድስፓሩ (የግራናይት ዋና ማዕድን) ወደ ነጭ አፈርነት የተለወጠ ከሆነ ይተው፤ ሩቢዲየምና ሊቲየም በውሃ ታጥበው ሊሄዱ ይችላሉ፤ ኒዮቢየምና ታንታለም ግን በአብዛኛው ይቀራሉ። ደቃቅ ለሆነ ግራናይት 2 ኪሎ፣ ለሻካራው 5 ኪሎ፣ የጣት ርዝመት ያላቸው ክሪስታሎች ላሉበት 10 ኪሎና ከዚያ በላይ ይያዝ። ፔግማታይት (ክሪስታሎቹ እጅግ ትልልቅ የሆኑ የግራናይት ዓይነት) በዚህ መንገድ አይሆንም፤ አንድ ቁራጭ የሚያሳየው አንድ ማዕድን ብቻ ስለሆነ ከዳር እስከ ዳር ቦይ አውጥቶ መሰብሰብ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የመዶሻና የቀለም ምልክት ያረፈበት ገጽ ይወገዳል፤ ናሙናው ታጥቦ በ60 ድግሪ ያድራል። ሲሰበር ከሥሩ የባዛልት ድንጋይ አይደረግ።

ብዙው ጥፋት የሚደርሰው ወፍጮ ላይ ነው። የተንግስተን ካርባይድ ወፍጮ ፈጣን ነው፣ ግን ተንግስተን፣ ኮባልትና ታንታለም ይጨምራል። ተራ ግራናይት 12 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 12 ክፍል) ኒዮቢየምና 0.9 ፒፒኤም ታንታለም ቢኖረው የኒዮቢየምና የታንታለም ጥምርታው 13 ገደማ ነው። ወፍጮው 1.6 ፒፒኤም ታንታለም ቢጨምርበት 4.8 ይሆናል። ከ5 በታች የወረደ ጥምርታ ደግሞ ብርቅ ብረት ሊያስገኝ የሚችል የበሰለ ግራናይት (ከቅላጩ መጨረሻ ላይ የረጋ) ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ምንም የሌለበት ድንጋይ ተስፋ ሰጪ ሆኖ ቁጭ አለ ማለት ነው! የአጌት (ጠንካራ የሲሊካ ድንጋይ) ወፍጮ ይዘገያል፣ ግን ይሻላል፤ የብረት ወፍጮ ከተጠቀሙ ክሮሚየምና ኒኬልን አይመኑ። ዱቄቱ ከ75 ማይክሮን በታች ይድቀቅ። በናሙና መሃል ንጹሕ ኳርትዝ ይፈጭ፤ ደሃ የሚመስለው ይቅደም፣ ሀብታሙ ይከተል። የሲሊካ ብናኝ ሳንባ ይጎዳል፤ ማስክ ግዴታ ነው።

ከብርቅ ብረት ባዶ መሆኑ የታወቀ መቆጣጠሪያ፣ የአንዱ ናሙና ድጋሚና ይዘቱ የተረጋገጠ ዱቄት ከየ20 ናሙናው ጋር ይላኩ። ለባዶነት የሰፈር ባዛልት አያገለግልም፤ ራሱ ኒዮቢየም አለው።

ላብራቶሪውን ስለ አሟሟቱ መጠየቅ አይረሳ። በላብራቶሪ የተለመደው የአራት አሲዶች ቅልቅል ዚርኮንን፣ ካሲተራይትንና ኮለምባይትን የመሳሰሉ ብረቶቹን የያዙ ጠንካራ ማዕድናት አሟልቶ አያሟማም፤ ዚርኮኒየምም ታንታለምም አንሰው ይወጣሉ። በሊቲየም ቦሬት ማቅለጥ ይህን ይፈታል፣ ግን ሊቲየም ራሱ የሚቀላቀል ስለሆነ ለእሱ የሶዲየም ፐርኦክሳይድ ማቅለጥ ይታዘዝ። ያኔ ደግሞ ሶዲየም አይነበብም። በእጅ የሚያዘው ኤክስ ሬይ መሣሪያም ሊቲየምን አያይም።

ውጤቱ ሲመጣ ፖታስየም ኦክሳይዱን በ0.83 አባዝቶ ወደ ፒፒኤም መለወጥና በሩቢዲየም ማካፈል ነው። 4.5 በመቶ ፖታስየም ኦክሳይድ 37,350 ፒፒኤም ፖታስየም ነው፤ ሩቢዲየሙ 620 ከሆነ 60 ይደርሳል። ከ150 በታች ሲሆን ግራናይቱ በስሏል ማለት ነው። የዚርኮኒየምና የሃፍኒየም ጥምርታም ከተለመደው 35 ገደማ ወደ 25ና ከዚያ በታች ከወረደ ይበልጥ ይታመናል። ሦስቱም ጥምርታዎች ካልተስማሙ ማዕድን አለ ከማለት በፊት የትኛው ወፍጮና የትኛው አሟሟት እንደተጠቀሙ ይታይ።