ሃርድነር ከመጨመራችሁ በፊት፦ የፋይበር ግላስ ችግርና መፍትሄ

ድሬ ላይ የባጃጅ አካል በፋይበር ግላስ ስንጠግን አንድ መድኃኒት ብቻ ነው የምናውቀው። አልደረቀም? ሃርድነር (ማድረቂያውን) ጨምር። ይጣበቃል? ጨምር። አቦ፣ ተዉ! በሽታው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው።

ሬዚኑ፣ ማለትም የመስታወት ጨርቁን የሚያጣብቀው ፈሳሽ፣ ፖሊስተርና ያ የሚሸተው ስታይሪን አለበት። ስታይሪንም ፖሊስተሩም ድርብ ቦንድ አላቸው፣ ማለትም ተከፍቶ ሌላ ሊይዝ የሚችል ድርብ ማሰሪያ። ሃርድነሩ ፐሮክሳይድ ነው፤ ሬዚኑ ውስጥ ያለው ኮባልት ሲሰብረው ራዲካል ይወጣል፣ ማለትም ጥንድ የሌለው ኤሌክትሮን የያዘ ቁራጭ። ቁራጩ አንዱን ድርብ ቦንድ ከፍቶ ይያያዛል። ብቸኛው ኤሌክትሮን ግን አይጠፋም፤ ወደ አዲሱ ጫፍ ይሻገርና ቀጣዩን ይይዛል። ሁለት ራዲካሎች ከተገናኙ ሰንሰለቱ እዚያው ያበቃል።

ውስጡ ደርቆ ላዩ ይጣበቃል። ጥፋተኛው አየር ነው። ኦክስጅን ራዲካሉን ቀድሞ ይይዘውና ሰነፍ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ስታይሪን ቢያገኝም እምብዛም አይነካውም። ለመጨረሻው ንብርብር ፓራፊን ሰም ያለበት ሬዚን ቀቡ፤ ሰሙ ላይ ወጥቶ አየሩን ይከለክላል። ሳትቀቡ ካለፈ ደግሞ በአሴቶን ጥረጉና በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት።

ቀብታችሁ ሳትጨርሱ ይረጋል። ይሄ የድሬ ፀሐይ ሥራ ነው። ከፍ ብላ ቀዝቀዝ ባለችው ሐረር የሠራ ልክ እዚህ አይሠራም፤ ሙቀት ፐሮክሳይዱን ቶሎ ይሰብረዋል። ለአንድ ኪሎ ሬዚን 20 ግራም ሃርድነር የምታደርጉ ከሆነ ወደ 10 አውርዱት። ከዚያ በታች ግን አትሂዱ፣ ጭራሽ ላይደርቅ ይችላል። በማለዳ ሥሩ፣ ጥቂት ጥቂት በጥብጡ። እኔ አንዴ ሰነፍኩና ግማሽ ባልዲ በአንዴ በጠበጥኩ። እያንዳንዱ ቦንድ ሲከፈት ሙቀት ይለቃል፤ ሙቀቱ ሌላ ራዲካል ይወልዳል። ባልዲው ጨሰ፣ ሬዚኑም ተሰነጣጠቀ። ወፍራም ነገር በንብርብር ነው የሚሠራው።

በማግስቱም ፈሳሽ ነው። ወይ ሃርድነሩ አርጅቷል፣ ወይ ሬዚኑ ኮባልት የለውም። ስትገዙ ጠይቁ። ኮባልቱን ለብቻው ከገዛችሁ መጀመሪያ ከሬዚኑ ጋር በደንብ አዋህዱት፣ ሃርድነሩ ከዚያ ይከተል። ኮባልትንና ሃርድነርን በቀጥታ ማገናኘት እሳት ነው፤ ሊፈነዳም ይችላል። ሃርድነር ዓይን ያጠፋል፣ መነጽር አድርጉ።

ሬዚኑ ሃርድነር ሳይነካው ቆርቆሮው ውስጥ እንዳለ ረግቷል። ፋብሪካው ራዲካል የሚይዝ መከላከያ ይጨምርበታል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወራት ከከረመ ግን መከላከያው ያልቃል። በቲነር አትድከሙ፤ የተሳሰረው ሰንሰለት አይሟሟም።