በድንጋይ ላይ የበቀለ የወይራ ቦንሳይን ቅርጽ ስለ ማስያዝ

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ መንገደኛ ጣርማ በር ላይ ቆም ብሎ ገደሉን ቢመለከት፣ ከጥቁሩ ድንጋይ ስንጥቅ ወጥተው ነፋስ ወደ አንድ ወገን ያጎበጣቸውን የአስታ ቁጥቋጦዎች ያያል። ቦንሳይ የተባለው፣ ዛፍን በዕቃ ውስጥ አሳንሶ የማሳደግ የጃፓኖች ጥበብ በድንጋይ ላይ ሲሠራ የሚፈልገው ይህንኑ መልክ ነው፤ ዛፉ ድንጋዩ ላይ የተቀመጠ ሳይሆን ድንጋዩ ያሳደገው መምሰል አለበት። ጃፓኖች ሥሩ ድንጋዩን አቅፎ ወርዶ ከታች ባለው አፈር ውስጥ የሚገባውን ዓይነት ሴኪጆጁ፣ በድንጋዩ ስንጥቅ ባለችው ጥቂት አፈር ብቻ የሚኖረውን ደግሞ ኢሺዙኪ ይሉታል። የበጋው ደረቅ ነፋስ ጥቂቷን አፈር ቶሎ ስለሚያደርቃት፣ በእኛ ደጋ ለጀማሪ የሚስማማው የመጀመሪያው ነው።

ዛፉን በተመለከተ እኔ ወይራን እመርጣለሁ። ቅጠሉ ትንሽ ነው፣ ከተቆረጠ አሮጌ ግንድም መልሶ ያቆጠቁጣል። የሐበሻ ጥድ መልኩ ቢያምርም ቅጠሉ ካለቀ ቅርንጫፍ ላይ አዲስ ቀንበጥ ስለማያወጣ፣ ሲገረዝ ሁልጊዜ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ሊቀርለት ይገባል። ድንጋይን በሥሩ በማቀፍ ዋርካንና ችብሐን የሚወዳደር የለም፤ ነገር ግን ውርጭ ስለማይችሉ እነርሱን ለሸዋ ሮቢት ሰዎች እንተውላቸው። ችግኙ ከችግኝ ጣቢያ ይገዛ እንጂ ከወፍ ዋሻ ደን ተነቅሎ አይምጣ።

ሥሩ ድንጋዩን ገና ካልያዘ ቅርጽ ለማስያዝ መቸኮል ከንቱ ነው። በበልግ ወይም በክረምት መግቢያ ሥሩን አጥቦ፣ ሸካራና ቦይ ባለው ጥቁር ድንጋይ ላይ በየቦዩ እየዘረጉ፣ ከዋልካ አፈርና ከብስባሽ በተቦካ ጭቃ መምረግና በቃጫ ገመድ አጥብቆ ማሰር ያስፈልጋል። ዋልካ ብቻውን ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ብስባሹ አይቅር። ከዚያ ድንጋዩ እስከ አንገቱ ጥልቅ በሆነ ዕቃ ውስጥ ይቀበራል፤ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥም አፈሩ ከላይ ወደ ታች ቀስ በቀስ ይነሣለታል። ቃጫው በራሱ ጊዜ ይበሰብሳል። ግንዱን ይዘው በቀስታ ሲያነቃንቁት ድንጋዩ አብሮ ከተነቃነቀ ዛፉ ለቅርጽ ደርሷል ማለት ነው።

የቅርጹ ሥራ የሚጀመረው ከመቀስ ሳይሆን ከዓይን ነው። ዛፉን ከዓይን ጋር እኩል በሆነ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ቀስ እያሉ ማዞር፣ በመጀመሪያም ቅጠሉን በነጠላ ሸፍኖ ድንጋዩንና ሥሩን ብቻ ማየት ይጠቅማል፤ ቅጠል ዓይንን ይሸነግላልና። ቦዩ ጠለቅ ያለበት፣ ሥሩም ጅማት መስሎ የወረደበት ወገን የፊት ገጽ ይሆናል። ቀጥሎ ከዛፉና ከድንጋዩ ማን እንደሚበልጥ መወሰን ያሻል። ድንጋዩ ጎልቶ ዛፉ ተንጠላጣይ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ዛፉ ገንኖ ድንጋዩ መሠረት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ግን ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። ዛፉ ከድንጋዩ አናት መካከል እንደ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ቀጥ ብሎ ከቆመም፣ ሌላው ሁሉ ቢያምር ሥራው የተበላሸ ነው።

ስለዚህ ግንዱ ከድንጋዩ በሚለይበት ቦታ ላይ የመጀመሪያው እጥፋት ሊኖር ይገባል። እጥፋቱ የድንጋዩን አወራረድ ይከተል፤ ድንጋዩ ወደ ቀኝ የሚያዘቀዝቅ ከሆነ ግንዱም ወደዚያው ያዘንብል፣ ጫፉ ግን ብርሃን እንደሚፈልግ ሁሉ ጥቂት ወደ ላይ ይመለስ። ለማጠፊያ አሉሚኒየም ሽቦ ከጠፋ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ የተላጠ መዳብ ይበቃል፤ በከሰል ፍም ላይ እስኪቀላ አግሎ ማቀዝቀዝ ያለሰልሰዋል። ለግንባታ የሚሸጠው ጥቁር ማሰሪያ ሽቦ ስለሚዝግ ልጣጩን ያቆሽሻል። የሽቦው ውፍረት የቅርንጫፉን ሲሶ ያህል ይሁን፤ ጠመዝማዛውም ከታች ተነሥቶ ወደ ጫፍ 45 ዲግሪ ያህል እያጋደለ፣ ሳይላላና ልጣጭ ሳያንቅ ይሂድ። ሲታጠፍ በሁለቱ አውራ ጣቶች ከውስጥ በኩል ደግፎ በጥቂት በጥቂቱ መግፋት እንጂ ባንድ ጊዜ መጎተት አይገባም። ያረጀ የወይራ እንጨት ተሰባሪ ስለሆነ፣ ከትንሽ ጣት የወፈረውን ቅርንጫፍ በሽቦ ከመጠምዘዝ በገመድ ወደ ድንጋዩ ስቦ ማሰርና በየወሩ ጥቂት ጥቂት ማጥበቅ ይሻላል።

በዚህ ረገድ የራሴን ጥፋት ልናገር። በሰኔ የጠመዘዝኩትን ሽቦ «ክረምቱ ያልፋል» ብዬ ትቼው፣ በነሐሴ መጨረሻ ቅጠሉን ገለጥ ሳደርግ ሽቦው በልጣጩ ውስጥ ሰምጦ አገኘሁት። ልጣጩ በግራና በቀኝ እንደ ከንፈር አብጦ ነበር። ልፈታው ብጠመዝዘው ልጣጩ አብሮ ተነሣ፤ ኋላ ነው በፒንሳ በየዙሩ እየቆረጡ ማውጣት እንደሚገባ የገባኝ። ጠባሳው ዛሬም አለ። በክረምት ዛፍ ቶሎ ስለሚወፍር ሽቦው በየሳምንቱ ይታይ።

ቅርንጫፎቹን በተመለከተ፣ ከአንድ ቦታ ከወጡት ሁለቱ አንዱ ይቅር፤ ቀጥ ብለው ወደ ላይም ወደ ታችም የወጡት ይቆረጡ። ዋናው ቅርንጫፍ ከድንጋዩ ወደ ውጭ ዘርግቶ ዝቅ ይበል፣ ነገር ግን ሥሩን አይሸፍን። ነፋስ በሚመጣበት ወገን ያለው ጎን አጠር ያለ ይሁን፤ ጣርማ በር ላይ የታየው ይኸው ነውና። በአንድ ጊዜ ከቅጠሉ ሲሶ በላይ አይነሣ።

ሊቆረጥ የታሰበው ወፍራም ቅርንጫፍ ሁሉ ግን ከሥሩ መነሣት የለበትም። ትንሽ ጉቶ አስቀርቶ ልጣጩን መግፈፍና እንጨቱን አድርቆ መተው መብረቅ የመታው ያስመስለዋል። ጃፓኖች ይህን «ጂን» ይሉታል፤ በእኛ ጆሮ ስሙ ቢያስደነግጥም የወይራ ጠንካራ እንጨት ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። በአንድ ዛፍ ላይ ከአንድ ወይም ከሁለት በላይ ግን አላበዛም።

ሥራው ሲያበቃ ዛፉ ለሁለት ሳምንት ያህል ነፋስ በማያገኘው ጥላ ይቆይ። ውርጩ ከጥቅምት እስከ ጥር ስለሚበረታ፣ ከባዱ ግረዛ ወደዚያ ወራት አይገፋ፤ ቀንበጥ ቢያወጣ ይቃጠላልና። በነዚያ ሌሊቶች ዛፉ ከግድግዳ ሥር ይጠጋ። ቀን ደግሞ ጥቁሩ ድንጋይ በበጋ ፀሐይ ግሎ በላዩ ያለውን ሥር ሊጎዳ ስለሚችል፣ ከቀትር በኋላ ጥላ የሚያገኝበት ቦታ ይመረጥለት፣ ውኃውም በማለዳ ከድንጋዩ አናት ጀምሮ እየተንጠባጠበ ይውረድለት።