መስታወት በግላችሁ የምታጸዱ፣ የዓመት ወጪያችሁን እንዲህ አስሉ

ደሴ ላይ ፎቅ በተሠራ ቁጥር መስታወት ይጨምራል። ኮምቦልቻም እንደዚያው ነው። መስታወት በጨመረ ቁጥር ደግሞ ባልዲና መሰላል ይዞ የሚመጣ ሰው ይፈለጋል። እኔም ቤቴን የማስተዳድረው በዚሁ ሥራ ነው።

ሥራው እንጀራ ያበላል። የሚያስቸግረው የዋጋው ነገር ነው። የሕንፃው ባለቤት ቀና ብሎ መስኮቶቹን ያይና «ስንት ትለኛለህ?» ይላል። ብዙዎቻችን ሌላው ሰው የሚያስከፍለውን እንጠራለን። ወይም የዚያን ቀን ኪሳችንን አይተን እንናገራለን። «አብሽር፣ አንጎዳዳም» ተባብለን እንጀምራለን። ማታ ሲቆጠር ደህና ብር ይመስላል። መሰላሉ የተሰበረ ቀን ግን መግዣ የለም።

ደንበኛው በድሎን አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ስንት እንደምናወጣ ሳናውቅ ዋጋ ስለምንጠራ ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ደብተርና አንድ ከሰዓት ይበቃል። እኔ ብዙ ዓመት ከሠራሁ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ያሰላሁት። እናንተ ዛሬውኑ አስሉት።

1. ደብተሩን ከሐምሌ 1 ጀምሩ

የመንግሥት የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ደብተራችሁም እሱን ቢከተል ገቢዎች ቢሮ ስትሄዱ አትቸገሩም። አሁን ጥር ወይም ሚያዝያ ከሆነ ግን ሐምሌን አትጠብቁ። ከዛሬ ጀምራችሁ ያለፈውን የምታስታውሱትን ያህል ሙሉት።

የባጃጅ ብር እንኳ ሳይቀር ማታ ማታ ይጻፍ። ደረሰኝ ያለውን ወጪ ደረሰኙን በአንድ ፌስታል ሰብስቡ፣ በስልካችሁም ፎቶ አንሱት። ከካሽ ማሽን የሚወጣው ወረቀት ጊዜ ሲቆይ ጽሑፉ ይጠፋል።

2. ዕቃችሁን በሁለት ክፈሉ

በአንዱ ገጽ የሚቆዩትን ጻፉ፦ መሰላል፣ የመስታወት ጎማው (ውሃውን ከመስታወቱ ጠርጎ የሚያወርደው) እጀታ፣ ረዥም ዘንግ፣ ባልዲ፣ የደህንነት ቀበቶ። በሌላው ገጽ የሚያልቁትን፦ ጎማው ራሱ፣ ስፖንጅ፣ ጨርቅ፣ ላርጎ፣ ምላጭ፣ ጓንት።

የሚቆየውን ዕቃ ዋጋ ያገለግላል ብላችሁ ለምትገምቱት ዓመት አካፍሉት። መሰላሉ በ18,000 ብር ተገዝቶ 6 ዓመት ቢያገለግል የዓመት ወጪው 3,000 ብር ነው። ዘንድሮ ከኪሳችሁ ምንም ባይወጣም ወጪ ነው። በረገጣችሁት ቁጥር እያለቀ ነው። እኔ የመሰላሉን ገንዘብ የማጠራቅመው በእቁብ ነው፤ ቤት ከተቀመጠ ለሌላ ነገር ይውላል።

እዚህ የምጠራቸው ዋጋዎች ስሌቱን ለማሳየት የመረጥኳቸው ናቸው። ገበያው ስለሚለዋወጥ በእያንዳንዱ ቦታ የራሳችሁን ዋጋ ተኩ።

የሚያልቀውን ዕቃ ደግሞ በዓመት ስንት ጊዜ እንደምትገዙት ቁጠሩ። ጎማውን በወር አንዴ ብትቀይሩና አንዱ 250 ብር ቢሆን 3,000 ብር ይሆናል። አያችሁት? ያቺ ቀጭን ጎማ የመሰላሉን ያህል ታወጣለች። ሰው ግን መሰላሉን እንጂ ጎማውን አይቆጥርም።

ስለዚህ ጎማውን ጠብቁት። ሁለት ስለት አለው። አንዱ ደንዝዞ መስታወቱ ላይ መስመር መተው ሲጀምር አውጥታችሁ ገልብጡት። በዚህ ብቻ ዕድሜው በእጥፍ ይጨምራል። ፀሐይ ላይ አትተዉት፣ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ላርጎም ስለበዛ መስታወቱ የበለጠ አይጠራም። ለ10 ሊትር ውሃ አንድ ወይም ሁለት የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ሳሙናው መስታወቱ ላይ ይቀርና ደግማችሁ ትሠራላችሁ። የማይክሮፋይበር ጨርቅ ስታጥቡ ማለስለሻ አትጨምሩበት፤ ውሃ መምጠጡን ያቆማል።

በእኔ ምሳሌ የዕቃው ሒሳብ እንዲህ ይወጣል፦

መሰላል 3,000
የጎማ እጀታ፣ 1,500 ብር ለ3 ዓመት፣ 500
ጎማ 3,000
ጨርቅ፣ 20 ፍሬ በ100 ብር፣ 2,000
ላርጎ፣ በወር 150 ብር፣ 1,800
ምላጭ፣ ጓንትና ስፖንጅ 1,700

ድምሩ 12,000 ብር ነው። ይህን ከገጹ ግርጌ ጻፉና አስምሩበት።

3. መንገዱን ቁጠሩ

በእኔ ደብተር ትልቁ ወጪ ይህ ነው። እዚሁ ደሴ ከቧንቧ ውሃ ሠፈር ፒያሳ ለመሄድ ቀላል ነው። ግን መሰላል ባጃጅ ውስጥ አይገባም። ወይ የሚታጠፍ መሰላል ትገዛላችሁ፣ ወይ ለጭነት ትከፍላላችሁ፣ ወይ ዕቃውን ሕንፃው ጥበቃ ዘንድ ታሳድራላችሁ። ለጥበቃው የምትሰጡት የሻይም ቢሆን ወጪ ነው፣ ይጻፍ። ውሃ በጠፋ ቀን በጀሪካን የምትገዙትም እንደዚሁ።

ኮምቦልቻ ስትወርዱ ሌላ ሒሳብ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የሐረጎ ጠመዝማዛ ጊዜ ይበላል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት። ኮምቦልቻ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ስለምትል ትሞቃለች። ቀትር ላይ ውሃው ጎማው ሳይደርስበት ይደርቅና መስታወቱ ይዥጎረጎራል። ስለዚህ በማለዳ ወርዳችሁ ፀሐይ ያልደረሰበትን የሕንፃ ጎን እያስቀደማችሁ መሥራት አለባችሁ። ማለዳ ለመድረስ ደግሞ ወይ የመጀመሪያውን ሚኒባስ መያዝ፣ ወይ እዚያው ማደር ነው። የአልጋውን ብር ለብቻው ጻፉት።

በምሳሌዬ ለአንድ የሥራ ቀን በአማካይ 120 ብር ይዣለሁ። በዓመት 200 ቀን ብትሠሩ 24,000 ብር ነው። ለምን 200 ቀን እንዳልኩ ወደ ታች አሳያችኋለሁ።

4. ወረቀትና ስልክ

ንግድ ፈቃድ ካላችሁ ማደሻው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ጥር ከገባ ቅጣት ይጨመርበታል። ግብር በየትኛው ደረጃ እንደምትከፍሉ ክፍለ ከተማችሁ ያለው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። ሠፈር ውስጥ በሚወራው አትመሩ፣ ሕጉ ይሻሻላል። ለዚህ ሁሉ 5,200 ብር፣ ለስልክ ካርድ በወር 400 ብር ማለትም 4,800 ብር ይያዝ።

5. ለሚሰበረው ነገር አስቀምጡ

በዚህ ጉዳይ ላይ ቆም ልበል፣ ተጎድቼበታለሁና።

አንድ አዲስ ሕንፃ ላይ የቀለምና የሲሚንቶ ጠብታ እንዳነሳ ተጠርቼ ነበር። መስታወቱ ሰማያዊ፣ ፊትን የሚያሳይ ዓይነት ነው። ጠብታውን በምላጭ ስፍቅ መስታወቱን በደንብ አላራስኩትም። አቧራው ከምላጩ ሥር ገባ። አንዱ መስታወት ከላይ እስከ ታች ተጫረ። ባለቤቱ ክፈል አለኝ፣ ከፈልኩ። የሦስት ቀን ድካሜ ለዚያ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር አደርጋለሁ። ምላጭ ከማሳረፌ በፊት መስታወቱን አጥባለሁ፣ እርጥብ እንዳለም እፍቃለሁ። ፊት በሚያሳየው መስታወት ላይ ፊት እንዲያሳይ የሚያደርገው ሽፋን የተቀባው በውጭ በኩል ከሆነ ምላጭ ጨርሶ አላስነካውም። ሥራ ከመጀመሬ በፊት ደግሞ ቀድሞ የተጫረ ወይም የተሰነጠቀ ካለ ባለቤቱን አሳይቼ ፎቶ አነሳለሁ። እንዲያም ሆኖ በዓመት 6,000 ብር ለብልሽት አስቀምጣለሁ።

ከመስታወት በፊት ግን የሰው አካል ይቀድማል። መሰላል ስታቆሙ ጫፉ ያረፈበት ከፍታ 4 ሜትር ከሆነ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ። 8 ሜትር ከሆነ 2 ሜትር። ከዚያ ከቀረበ ወደ ኋላ ይገለበጣል፣ ከራቀ እግሩ ይንሸራተታል። በክረምት እርጥብ ንጣፍ ላይ ሥሩን የሚይዝ ሰው ሳይኖር አትውጡ። የማይንሸራተት ጫማና የሥራ ልብስ 4,000 ብር ይያዝለት። ለሕክምናም ሌላ 4,000፣ የማኅበረሰብ ጤና መድን መዋጮን ጨምሮ። አባል ያልሆናችሁ ቀበሌያችሁን ጠይቁ። የወደቀ ሰው ሐኪም ቤት ገብቶ ሥራም ገንዘብም ሲያጣ አይቻለሁ፣ ያማል።

እንግዲህ መንገድ 24,000፣ ወረቀት 5,200፣ ስልክ 4,800፣ ብልሽት 6,000፣ ጫማና ልብስ 4,000፣ ሕክምና 4,000። ድምሩ 48,000 ብር። የዕቃውን 12,000 ስትጨምሩ የሥራው የዓመት ወጪ 60,000 ብር ይሆናል።

6. በእውነት የምትሠሩበትን ቀን ቁጠሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወጪውን ለ365 ያካፍላል። እሺ፣ አብረን እንቀንስ።

እሑድ 52 ቀን ነው። 313 ቀረ። ለበዓላት 13 ቀን ብትይዙ 300 ይቀራል። ወሎ ውስጥ ደግሞ የጎረቤት በዓል የራስም በዓል ነው። ለዒድ ክርስቲያኑ ይጠራል፣ ለገና ሙስሊሙ ይጠራል። ይህን ደስታ ማንም እንዲቀንስ አልመክርም፣ ግን ቀኑን ቁጠሩት።

ቀጥሎ ዝናቡ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ዝናብ ነው። የውጭ መስታወት አይሠራም ማለት ይቻላል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያም በልጉ መጥቶ ቀን ያበላሻል። ለሁለቱም 50 ቀን ይዣለሁ። 250 ቀረ። የክረምቱን ጉድለት በከፊል የሚመልሰው መስከረም ነው። የጭቃ ፍንጣሪ የሌለበት መስታወት አይገኝም። መስከረም 21 ለጊሸን ማርያም የሚሄደው ምዕመንም በደሴ ስለሚያልፍ ሆቴሎች ከዚያ በፊት መጽዳት ይፈልጋሉ። በዚያ ሰሞን ሌላ ቀጠሮ አትያዙ። ዝናብ በሚበዛበት ወር ደግሞ የውስጥ መስታወትና የሱቅ ቪትሪን ላይ አተኩሩ።

ሥራ ስትፈልጉ፣ ዋጋ ስትነጋገሩ፣ ያልተከፈለ ገንዘብ ስትጠይቁ የምትውሉበት ቀንስ? እኔ ደብተሬን ስቆጥር 35 ሆኖ አገኘሁት። 215 ቀረ። ለሕመም፣ ለለቅሶ፣ ለሰርግና ለዱአ 15 ቀን። 200 ቀረ። 200 ያልኩት ለዚህ ነው።

7. አካፍሉና ዋጋችሁን አውጡ

60,000 ለ200 ሲካፈል 300 ብር ነው። መሰላል ላይ በወጣችሁ ቀን ሁሉ የመጀመሪያው 300 ብር የእናንተ አይደለም፣ የሥራው ነው። ለቤታችሁ በወር 10,000 ብር ያስፈልጋል እንበል። በዓመት 120,000፣ ለ200 ቀን ሲካፈል 600 ብር። አንድ ላይ 900 ብር። ሁሉንም በ365 አካፍላችሁት ቢሆን 493 ብር ይወጣና በእያንዳንዱ የሥራ ቀን 400 ብር ገደማ ታጡ ነበር። የገቢ ግብር ካለባችሁ ከዚህ ላይ ይጨመራል።

አሁን ሕንፃ ስታዩ የምትጠይቁት ስንት ቀን ይፈጃል ብላችሁ ነው። ሁለት ቀን ከሆነ ከ1,800 በታች አትውረዱ። ረዳት ካላችሁ የእሱ የቀን ክፍያ ይደመራል። ኮምቦልቻ ከሆነ ከ120 ብር ያለፈው መጓጓዣና አልጋው ይደመራል። ሲሚንቶና ቀለም ያለበትን አዲስ ሕንፃ በመስኮት ቁጥር አትዋዋሉ፣ በቀን ተዋዋሉ። አንዱ መስኮት ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል።

ባለቤቱ «ሌላው በ1,200 ይሠራልኛል» ሲል አትበሳጩ። ቅናሽ ከየት እንደሚመጣ አሁን ታውቃላችሁ። በየወሩ የሚያሠራ ደንበኛ ሥራ ፍለጋ የምትባክኑበትን ቀን ይቀንስላችኋል። እንዲህ ያሉ ጥቂት ደንበኞች 35ቱን ቀን ወደ 15 ቢያወርዱት የሥራ ቀናችሁ 220 ይሆናል። በሥራውና በቤቱ ወጪ 180,000 ብር ላይ የ20 ቀን መንገድ 2,400 ብር ሲጨመር 182,400 ብር ለ220 ይካፈላል፣ በቀን 829 ብር ገደማ ይወጣል። ስለዚህ የወር ኮንትራት ለሚፈርም ሰው በቀን 70 ብር ብትቀንሱለት አትጎዱም። እኔ «አባቴ፣ በየወሩ ካሠሩኝ እቀንሳለሁ» ብዬ ደብተሬን ከፍቼ አሳያለሁ። በዓመት አንዴ ለጊሸን ሰሞን ብቻ ለሚጠራኝ ሆቴል ግን ዋጋዬ 900 ብር ነው።