ፀጉር ሲሳሳ፦ ያለ ቀዶ ጥገና ምን ማድረግ ይቻላል?

ማበጠሪያው ላይ የተጠቀለለውን ፀጉር አይታችሁ ልባችሁ ድንግጥ ካለ መጀመሪያ ተረጋጉ። ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍበታል። ፀጉሯን በሳምንት አንዴ የምታጥብ ሴት ደግሞ የከረመውን ሁሉ በአንድ ቀን ስለምታየው በጣም ይበዛባታል። መታየት ያለበት አናት ላይ የቀረው ነው። ፀጉራችሁን መሀል ለመሀል ስትከፍሉ መስመሩ ከበፊቱ ሰፍቷል? ግንባራችሁ ወደ ኋላ እየሸሸ ነው? እንግዲያው ቀጥሉ።

እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ያለኝን ቅባት ሁሉ ስቀባ ከረምኩ። በመጨረሻ የቆዳ ሐኪም ጋ ስሄድ የደም ምርመራ ታዘዘልኝና ችግሩ የብረት ማዕድን እጥረት ሆኖ ተገኘ። ራሴ ላይ የማፈሰው ነገር ሁሉ ከችግሩ ጋር አይገናኝም ነበር። ለዚህ ነው ከመድኃኒቱ በፊት የመርገፉን ዓይነት እወቁ እያልኩ የምጨቀጭቀው።

ፀጉራችሁ በድንገት ከየቦታው መርገፍ ከጀመረ ከሁለት ሦስት ወር በፊት ምን እንደገጠማችሁ አስታውሱ። ወሊድ፣ ኃይለኛ ትኩሳት፣ ኦፕራሲዮን፣ በአንዴ ብዙ ኪሎ መቀነስ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ ራሱ ይመለሳል፤ ብረትና ታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው የእንቅርት ዕጢ) መመርመር ግን አይከፋም። ክብ ሆኖ ለስልሶ የተመለጠ ቦታ ካለ ላሽ ሊሆን ይችላል፤ የራሳችን የመከላከያ ሴሎች የፀጉሩን ሥር ሲያጠቁ የሚመጣ ነው። ልጅ ከሆነና ቦታው የሚቀረፍ፣ ፀጉሩም የተሰባበረ ከሆነ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ ቅባት ብቻውን እስከ ፀጉሩ ሥር አይደርስም። ሹሩባ በጣም እየጠበቀ ጆሮ ግንዳችሁ አካባቢ ካሳሳው ደግሞ ዛሬውኑ ፍቱት። ለዓመታት ከተጎተተ አይመለስም። የሚያቃጥል፣ የሚያምና ቆዳው እንደ ጠባሳ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ቀጠሮ አታራዝሙ፣ ሥሩ እየሞተ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ብዙዎቻችሁ ጥያቄ፣ በዘር ወደሚመጣው መሳሳት ልምጣ። ብዙ የተሞከረበት ሚኖክሲዲል ነው። መጀመሪያ የደም ግፊት ክኒን ነበር፤ የሚወስዱት ሰዎች ፀጉር ሲያበቅሉ ታየና በ1988 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለራስ ቆዳ የሚቀባው ተፈቀደ። አቀባቡ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቆዳው ደረቅ መሆን አለበት። ፀጉሩን በጣት ትከፍሉና ጠብታውን ቆዳው ላይ ታሳርፋላችሁ፤ ፀጉሩን ማርጠብ ጥቅም የለውም። ፈሳሹ በአንድ ጊዜ 1 ሚሊ ሊትር፣ ለወንድ አብዛኛውን ጊዜ 5 ፐርሰንቱ ጠዋትና ማታ ነው፤ ለሴት 2 ፐርሰንቱ በቀን ሁለቴ ወይም 5 ፐርሰንቱ ፎም (አረፋው) በቀን አንዴ። ከዚያ እጃችሁን ታጠቡ። የማታውን ከመተኛታችሁ ሁለት ሰዓት ቀደም ብላችሁ ተቀቡት፣ ሳይደርቅ ትራስ ከነካ ፊት ላይ ፀጉር ሊያመጣ ይችላል። እርጉዝና የምታጠባ እናት አትጠቀመው፤ የልብ ሕመም ያለበት ሐኪሙን ያማክር። ቤታችሁ ድመት ካለች አታስነኳት፣ ጥቂቱ እንኳ ሊገድላት ይችላል።

ወንድሜ በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ከበፊቱ የባሰ ረገፈበትና ሊተወው ነበር። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ አሮጌው ፀጉር ለአዲሱ ቦታ እየለቀቀ ነው። ፎቶ በወር አንዴ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ መብራት እንዲያነሳ አደረግኩት። መስታወት በየቀኑ ስለምናየው ለውጥ አያሳየንም። በአምስተኛው ወር ፎቶ ላይ አናቱ ላይ ስስ ፀጉር ብቅ ብሎ አየን። ከአራት እስከ ስድስት ወር ሳትጠብቁ አልሠራም አትበሉ፤ ስታቆሙት ያበቀለው በጥቂት ወራት ውስጥ እንደሚረግፍም ከአሁኑ እወቁ።

ለወንዶች ሁለተኛው ፊናስተራይድ ነው፣ በቀን 1 ሚሊ ግራም የሚዋጥ። የፀጉሩን ሥር የሚያቀጭጨውን ዲኤችቲ የተባለ ሆርሞን ይቀንሳል። ያለ ሐኪም አትጀምሩት፤ በጥቂት ሰዎች ላይ የወሲብ ፍላጎት መቀነስ፣ ስንፈተ ወሲብ ወይም ድብርት ያመጣል። የፕሮስቴት የደም ምርመራ ውጤትንም ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ ስትመረመሩ ተናገሩ። እርጉዝ ሴት የተሰበረውን ክኒን በእጇ እንኳ መንካት የለባትም። ለሴቶች ሐኪሞች አንዳንዴ ስፓይሮኖላክቶን የተባለ ክኒን ያዛሉ፣ እሱም በእርግዝና ጊዜ አይወሰድም።

ለላሽ መንገዱ ሌላ ነው። ትንሽ ከሆነ ቦታው ላይ የስቴሮይድ መርፌ ይወጋል፤ ራስ ሁሉ ለተመለጠበት ሰው ደግሞ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሪሲቲኒብ የተባለ ክኒን አለ፣ ከባድ ክትትል የሚፈልግ።

ፒአርፒ (ከራስ ደም ተጣርቶ የሚወጋው) እና የሌዘር ብርሃን የሚያበራ ኮፍያ የተወሰኑ ሰዎችን ይረዳሉ፤ እኔ ግን ሚኖክሲዲልን በአግባቡ ሳልሞክር ገንዘቤን እዚያ አላፈስም። ባዮቲን የተባለው ቫይታሚን እጥረቱ ለሌለው ሰው ይህ ነው የሚባል ጥቅም የለውም። ይልቅ የታይሮይድና የልብ የደም ምርመራን ስለሚያዛባ የምትወስዱ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩ።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ ፎቶዎቹን፣ የምትወስዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር፣ መርገፉ የጀመረበትን ወር ይዛችሁ ሂዱ። ፀጉራችሁንም አትሸፍኑት፣ ሳትቀቡት ግቡ፤ ቆዳው በደንብ መታየት አለበት።