የፒኤችፒ ኤክስቴንሽን በኮምፒውተርዎ ላይ እንዴት ይበራል? እምቢ ሲልስ ምን ይደረጋል?

አንድ የላራቬል (የፒኤችፒ ፍሬምወርክ) ፕሮጀክት ከጊትሃብ አውርደው ለማስነሣት ሲሞክሩ ኮምፖዘር፣ ማለትም ፕሮጀክቱ የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች የሚያወርደው ፕሮግራም፣ «ኤክስት-አይኤንቲኤል በዚህ ኮምፒውተር ላይ የለም» ብሎ ከቆመ፣ ወይም ከዳታቤዝ ጋር መገናኘት የነበረበት ገጽ «ኩድ ኖት ፋይንድ ድራይቨር» ካለ፣ ወይም በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ኮድ እርስዎ ዘንድ «ኤምቢ_ኤስቲአርሌን» የሚባል ፈንክሽን አላውቅም ካለ፣ ስህተቱን ኮዱ ውስጥ መፈለግ ድካም ብቻ ነው። ሦስቱም መልእክቶች የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ፒኤችፒ ሲነሣ ሊጭነው ይገባ የነበረውን ኤክስቴንሽን አልጫነም።

ኤክስቴንሽን አብዛኛውን ጊዜ በሲ ቋንቋ ተጽፎና ኮምፓይል ተደርጎ ለብቻው የተቀመጠ፣ ለፒኤችፒ ተጨማሪ ችሎታ የሚሰጥ ፋይል ነው። ስሙ በዊንዶውስ ላይ በዲኤልኤል፣ በሊኑክስ ላይ ደግሞ በኤስኦ ያበቃል። ፒኤችፒ ሲነሣ ፒኤችፒ.አይኤንአይ የተባለውን የማስተካከያ ፋይል ያነባል፤ እዚያ የተጻፉለትን ኤክስቴንሽኖች ይጭናል፤ ከዚያ በኋላ ተዘግቶ እንደገና እስኪነሣ ድረስ አዲስ ኤክስቴንሽን አይጭንም። ይህን ሂደት በልቡናዎ ከያዙት፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በራሱ ግልጽ ይሆናል። ትእዛዞችንና የፋይል ስሞችን እንደሚነበቡበት ድምፅ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ሲተይቧቸው ግን በላቲን ፊደል ነው።

መጀመሪያ፦ የትኛው ፒኤችፒ የትኛውን ፋይል እንደሚያነብ ይወቁ

ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ይህን ደረጃ እንዳይዘሉት አጥብቄ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ከአንድ በላይ ፒኤችፒ መኖሩ እጅግ የተለመደ ነው። ዛምፕ (አፓቼ የተባለውን የድር ሰርቨርና ፒኤችፒን በአንድ ላይ የሚጭነው ጥቅል) ሲጫን የራሱን ፒኤችፒ ይዞ ይመጣል። ቆይቶ ለኮምፖዘር ተብሎ ሌላ ፒኤችፒ ሲ ድራይቭ ላይ ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ተርሚናል ላይ «ፒኤችፒ» ብለው ሲጽፉ የሚመልስልዎ በፓዝ ዝርዝር (ኮምፒውተሩ ፕሮግራሞችን በሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ውስጥ ቀድሞ የተገኘው ሲሆን፣ ብራውዘር ላይ ገጽ ሲከፍቱ የሚሠራው ግን አፓቼ የሚጠቀምበት ነው። ኡቡንቱ ላይ አንድ ስሪት ብቻ ቢኖርዎ እንኳ ማስተካከያ ፋይሎቹ የተለያዩ ናቸው፤ ኢቲሲ ውስጥ ፒኤችፒ፣ ከዚያም 8.3 የሚለውን ፎልደር ሲከፍቱ ሲኤልአይ (ለተርሚናል)፣ አፓቼ2 እና ኤፍፒኤም (ከሰርቨሩ ተለይቶ ከጀርባ ለሚሠራው ፒኤችፒ) የሚባሉ ንዑስ ፎልደሮች እንደተጫነው ነገር የሚገኙ ሲሆን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፒኤችፒ.አይኤንአይ አላቸው። ዋምፕ የተባለው ዛምፕን የመሰለ ጥቅልም እንዲሁ ለአፓቼና ለተርሚናል ሁለት ፋይል ይለያል።

አንድ ተማሪ ጂዲ የተባለው የምስል ኤክስቴንሽን አልበራ አለኝ ብሎ ወደ እኔ መጥቶ ነበር። ያስተካከለውን መስመር ሳየው ፍጹም ትክክል ነበር፤ አፓቼንም በተደጋጋሚ አጥፍቶ አስነሥቷል። ሰርቨሩ ራሱ የትኛውን ፋይል እንደሚያነብ ስንጠይቀው ግን፣ ሲ ድራይቭ ላይ ዛምፕ ፎልደር ውስጥ ያለውን እንደሚያነብ ነገረን፤ እሱ ሲያስተካክል የቆየው በቀጥታ ሲ ድራይቭ ላይ በተቀመጠው የፒኤችፒ ፎልደር ውስጥ ያለውን ነው። ስለዚህ ፋይሉን በግምት አይፈልጉት፤ ሰርቨሩን ራሱን ይጠይቁት።

አጠያየቁ ቀላል ነው። ገጾችዎ በሚቀመጡበት ፎልደር ውስጥ፣ ዛምፕ ከሆነ ኤችቲዶክስ ውስጥ፣ ኢንፎ.ፒኤችፒ የሚባል ፋይል ይፍጠሩና ከፒኤችፒ መክፈቻ ምልክት ቀጥለው ፒኤችፒኢንፎ(); ብለው ብቻ ይጻፉ። ከዚያ በብራውዘር ሎካልሆስት/ኢንፎ.ፒኤችፒ ብለው ይክፈቱት። ከሚወጣው ረጅም ሠንጠረዥ ላይኛው ክፍል «ሎድድ ኮንፊገሬሽን ፋይል» የሚለውን መስመር ይፈልጉ፤ ሰርቨሩ የሚያነበው ፋይል ሙሉ አድራሻ እዚያ ተጽፏል። ከእሱ በላይ ያለውና መሰሉ መስመር ፒኤችፒ ፋይሉን የሚፈልግበትን ቦታ እንጂ ያገኘውን ፋይል ስለማይናገር እንዳያሳስትዎ። በዚያው ገጽ ላይ የፒኤችፒውን ስሪት፣ «አርኪቴክቸር» የሚለውንና «ትሬድ ሴፍቲ» የሚለውን በወረቀት ያስፍሩ፤ በኋላ ያስፈልጉዎታል። የተርሚናሉን ፒኤችፒ ለማወቅ ደግሞ «ፒኤችፒ --አይኤንአይ» ብለው ይጻፉ፤ ፋይሉን ያሳይዎታል። ዊንዶውስ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ «ዌር ፒኤችፒ»፣ ሊኑክስ ላይ «ዊች ፒኤችፒ» የሚለው ትእዛዝ ፕሮግራሙ ራሱ የት እንዳለ ይነግርዎታል።

በፋይሉ አድራሻ ፈንታ «ነን» የሚል ቃል ካገኙ ፒኤችፒ ማስተካከያ ፋይል ጨርሶ የለውም ማለት ነው። ለዊንዶውስ በዚፕ የሚወርደው ፒኤችፒ ፒኤችፒ.አይኤንአይ-ዴቨሎፕመንት እና ፒኤችፒ.አይኤንአይ-ፕሮዳክሽን የሚባሉ ሁለት ናሙናዎችን ብቻ ይዞ ይመጣል፤ የመጀመሪያውን ኮፒ አድርገው ፒኤችፒ.አይኤንአይ ብለው ይሰይሙት። ዊንዶውስ የፋይል ስም መጨረሻን ስለሚደብቅ፣ በኖትፓድ ሲያስቀምጡ ስሙ ሳያውቁት ፒኤችፒ.አይኤንአይ.ቲኤክስቲ እንዳይሆን ይጠንቀቁ።

ቀጥሎ፦ መስመሩን ያብሩ

የፋይሉን ኮፒ በአጠገቡ ካስቀመጡ በኋላ ይክፈቱትና «ኤክስቴንሽን=» የሚለውን ይፈልጉ። የተለመዱት ኤክስቴንሽኖች ተራ በተራ ተዘርዝረዋል። ከፊታቸው ሴሚኮለን ያለባቸው መስመሮች ለፒኤችፒ እንደ ማስታወሻ ስለሚቆጠሩ አይነበቡም። ;ኤክስቴንሽን=አይኤንቲኤል ከሚለው ላይ ሴሚኮለኑን ብቻ አጥፍተው ሌላውን ሳይነኩ ያስቀምጡ። ለማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ፒዲኦ_ማይኤስኪውኤል ወይም ማይኤስኪውኤልአይ፣ ለምስል ጂዲ፣ ለዚፕ ፋይል ዚፕ፣ ከሌላ ሰርቨር ጋር ለመገናኘት ከርል፣ ለአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ ኤምቢስትሪንግ ያስፈልጋሉ።

በአጻጻፉ ላይ ሦስት ነገሮችን ልብ ይበሉ። ከ7.2 ስሪት ጀምሮ ስሙን ብቻ መጻፍ ይበቃል፤ ከፊት «ፒኤችፒ_»፣ ከኋላ «.ዲኤልኤል» መጨመር አያስፈልግም። ዊንዶውስ ላይ ቀድሞ ጂዲ2 ይባል የነበረው ከ8.0 ጀምሮ ጂዲ ብቻ ስለሆነ፣ ከቆየ ትምህርት የተቀዳ መስመር በአዲሱ ስሪት ላይ አይሠራም። ኤክስዲበግ የተባለው የስህተት መፈለጊያ ደግሞ የሚገባው «ኤክስቴንሽን=» በሚል ሳይሆን «ዜንድ_ኤክስቴንሽን=» በሚል መስመር ነው። ዛምፕን ሳይጠቀሙ ፒኤችፒን ለብቻው ከጫኑ፣ «ኤክስቴንሽን_ዲር» የሚለው መስመርም መከፈቱንና ዲኤልኤሎቹ ያሉበትን ኤክስት የሚባለውን ፎልደር ማመልከቱን ያረጋግጡ። የፎልደሩን ሙሉ አድራሻ መጻፍ ከሁሉ ይሻላል።

ኡቡንቱ ላይ አካሄዱ ይለያል፤ መስመር በእጅ አይጨመርም። «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ፒኤችፒ8.3-አይኤንቲኤል» ብለው ሲጭኑ ኤክስቴንሽኑ በዚያው ይበራል። ጠፍቶ ከሆነ «ሱዶ ፒኤችፒኤንሞድ አይኤንቲኤል» ያበራዋል። 8.3 በሚለው ቦታ የራስዎን ስሪት ይተኩ። ዶከር (ፕሮግራምን ኮንቴይነር በተባለ የተለየ አካባቢ ውስጥ የሚያሠራ መሣሪያ) የሚጠቀሙ ከሆነ ዶከር-ፒኤችፒ-ኤክስት-ኢንስቶል የሚለውን ትእዛዝ ዶከርፋይሉ ውስጥ ይጻፉት፤ በሚሠራው ኮንቴይነር ውስጥ ገብተው የጫኑት ኮንቴይነሩ ተወግዶ ሲታደስ አብሮ ይጠፋል።

ከዚያ ሰርቨሩን ያጥፉና ያስነሡ። በዛምፕ ፓነል ላይ አፓቼን ስቶፕ፣ ከዚያ ስታርት ማድረግ ነው። በላራቬል «ፒኤችፒ አርቲዛን ሰርቭ» ከሆነ የሚሠሩት፣ ተርሚናሉን ኮንትሮል ሲ ብለው አቁመው ትእዛዙን እንደገና ይጻፉ። በአፓቼ ፈንታ ኤንጂንኤክስ የተባለውን ሰርቨር የሚጠቀሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ ኤንጂንኤክስን ብቻ ሪስታርት ያደርጋሉ፤ ነገር ግን ኤክስቴንሽኑን የሚጭነው ከጀርባ ያለው ፒኤችፒ-ኤፍፒኤም ስለሆነ ሪስታርት መደረግ ያለበት እሱ ነው።

በእርግጥ እንደበራ ያረጋግጡ

ተርሚናል ላይ «ፒኤችፒ -ኤም» የተጫኑትን ኤክስቴንሽኖች በሙሉ ይዘረዝራል። ለብራውዘሩ ግን ማስረጃ የሚሆነው የኢንፎ ገጹ ብቻ ነው፤ እዚያ አይኤንቲኤል የሚል የራሱ ርእስ ያለው ሠንጠረዥ መታየት አለበት።

እኔ ግን በአማርኛ መፈተንን እመርጣለሁ፤ ለእኛ ሥራ እነዚህ ኤክስቴንሽኖች ለምን እንደሚያስፈልጉም ያሳያል። ዩቲኤፍ-8 በተባለው የጽሑፍ አቀማመጥ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ «ሰላም» የሚለውን ቃል በተራው ኤስቲአርሌን ቢቆጥሩት 9 ይልዎታል፤ በኤምቢ_ኤስቲአርሌን ሲቆጥሩት ግን 3 ይላል። ረጅም ርእስ በተራው ፈንክሽን ሲቆረጥ መጨረሻው ላይ የተሰበረ የጥያቄ ምልክት የሚመጣው ፊደሉ ከመካከሉ ስለሚቆረጥ ነው። አይኤንቲኤል ደግሞ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል። ኢንትልዴትፎርማተር የተባለውን ክላስ «ኤኤም_ኢቲ@ካሌንደር=ኢትዮፒክ» በሚል የቋንቋና የአገር መለያ ፈጥረው፣ የካሌንደሩን ዓይነት «ትራዲሽናል» አድርገው፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024ን ቢሰጡት መስከረም 1 ቀን 2017ን ይመልስልዎታል። «ትራዲሽናል» የሚለውን ከዘነጉት ክላሱ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ይጽፋል።

እምቢ ሲል

መጀመሪያ የማስጠንቀቂያውን መልእክት ሙሉውን ያግኙት። «ፒኤችፒ -ቪ» ሲሉ በመነሻው ላይ የተከሰተው ስህተት ተርሚናሉ ላይ ይወጣል፤ የአፓቼው ደግሞ በዛምፕ ፎልደር፣ አፓቼ ውስጥ፣ ሎግስ ከሚለው ኤረር.ሎግ ውስጥ ይገኛል። ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይኖር ኤክስቴንሽኑ ከሌለ፣ ያስተካከሉት ፋይል ሰርቨሩ የሚያነበው አይደለም ወይም ሰርቨሩ እንደገና አልተነሣም፤ ወደ መጀመሪያው ደረጃ ይመለሱ።

ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያንገላታው «አኔብል ቱ ሎድ ዳይናሚክ ላይብረሪ» ብሎ ጀምሮ «የተጠቀሰው ሞጁል አልተገኘም» በሚል ትርጉም የሚያበቃው የዊንዶውስ መልእክት ነው። በመልእክቱ ውስጥ የተጻፈውን አድራሻ ተከትለው ሲሄዱ ዲኤልኤሉ እዚያው ተቀምጦ ያገኙታል፤ ታዲያ አልተገኘም የሚባለው ምኑ ነው? የጠፋው ያ ፋይል ሳይሆን እሱ ራሱ የሚፈልጋቸው ሌሎች ፋይሎች ናቸው። አይኤንቲኤል ለብቻው አይሠራም፤ ስማቸው በ«አይሲዩ» የሚጀምር ዲኤልኤሎችን ይፈልጋል፤ እነሱም የሚቀመጡት በኤክስት ውስጥ ሳይሆን በዋናው የፒኤችፒ ፎልደር ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ጥገኛ ፋይሎችን የሚፈልገው አፓቼ ባለበት ፎልደርና በፓዝ ላይ በተዘረዘሩት ቦታዎች ነው። ተርሚናል ላይ ሠርቶ በብራውዘር የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው የዛምፑን ፒኤችፒ ፎልደር በፓዝ ዝርዝር ላይ ከሌሎቹ ቀድሞ ማስገባትና የዛምፕ ፓነሉን ራሱን ዘግቶ እንደገና መክፈት ነው፤ ፓነሉ ካልተዘጋ አፓቼ አሮጌውን ፓዝ ይወርሳል። ፋይሎቹን ወደ አፓቼ ቢን ፎልደር ኮፒ ማድረግም ይሠራል፤ ነገር ግን ፒኤችፒ ሲታደስ አሮጌዎቹ እዚያው ቀርተው ሌላ ችግር ስለሚፈጥሩ እኔ አልመክረውም።

ሌላው መልእክት «ሞጁል ኤፒአይ» የሚል ሲሆን ሁለት ረጃጅም ቁጥሮችን ያነጻጽራል። ቁጥሮቹ ስሪቶችን ይወክላሉ፤ 20210902 ማለት 8.1፣ 20220829 ማለት 8.2፣ 20230831 ማለት 8.3 ነው። ቁጥሮቹ ከተለያዩ ኤክስቴንሽኑ የተሠራው ለሌላ ስሪት ስለሆነ በማስተካከያ ፋይል አይፈታም፤ ለራስዎ ስሪት የተሠራውን ማውረድ ግድ ነው። «ትክክለኛ የዊን32 አፕሊኬሽን አይደለም» የሚለው ደግሞ ባለ 32 ቢት ዲኤልኤል ከባለ 64 ቢት ፒኤችፒ ጋር ሲገናኝ የሚመጣ ነው። ቀደም ብለው በወረቀት ያሰፈሯቸው የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው፤ ስሪቱ፣ አርኪቴክቸሩና ትሬድ ሴፍቲው ሦስቱም ከሚያወርዱት ፋይል ጋር መግጠም አለባቸው። ማውረጃ ቦታው ደግሞ የፒኤችፒ ወይም የኤክስቴንሽኑ አዘጋጆች ይፋዊ ድረ ገጽ ይሁን። «የጠፋ ዲኤልኤል እዚህ አለ» ከሚሉ ገጾች ምንም ነገር አያውርዱ፤ የሚጭኑት በኮምፒውተርዎ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም መሆኑን አይዘንጉ።

«ቀድሞውኑ ተጭኗል» የሚለው ማስጠንቀቂያ ቀላል ነው፤ ኤክስቴንሽኑ በሁለት ቦታ ተጽፏል፣ ወይም አብሮ የተሠራ ሆኖ ሳለ እንደገና ተጠርቷል፤ አንዱን መስመር ማጥፋት ይበቃል። መስመሩን በመክፈት ብቻ የማይበሩም አሉ፤ የድሮው ማይኤስኪውኤል ኤክስቴንሽን ከ7.0፣ ኤምክሪፕት ደግሞ ከ7.2 ጀምሮ ከፒኤችፒ ወጥተዋል። እነሱን የሚጠይቅ ፕሮጀክት ካለዎት መቀየር ያለበት ኮዱ ነው።

ኮምፖዘር ሲያስቸግር ብዙዎች «--ኢግኖር-ፕላትፎርም-ሬክስ» የሚለውን ይጨምሩበታል። ይህ ጥያቄውን ዝም ያሰኛል እንጂ ኤክስቴንሽኑን አያመጣም፤ ስህተቱ በመጫን ጊዜ ከመታየት ይልቅ ተጠቃሚ ገጹን ሲከፍት ይታያል። በእሱ ፈንታ «ኮምፖዘር ቼክ-ፕላትፎርም-ሬክስ» ብለው ይጻፉ፤ የጎደለውን አንድ በአንድ ይዘረዝርልዎታል። የራስዎ ፕሮጀክት ከሆነም በኮምፖዘር.ጄሰን ውስጥ፣ ሬኳየር በሚለው ሥር፣ «ኤክስት-አይኤንቲኤል» ብለው ዋጋውን ኮከብ ምልክት አድርገው ያስገቡት፤ ፕሮጀክቱን ነገ የሚረከበው ሰው ምን እንደጎደለው ገና ሲጭን ያውቃል። ሲጨርሱ ኢንፎ.ፒኤችፒን ያጥፉት፤ ከሌሎቹ ፋይሎች ጋር ወደ እውነተኛው ሰርቨር ከተጫነ የሰርቨሩን ዝርዝር ለማንም ያሳያል።